ምዕራፍ 5፦ የእርማት ዋጋ

አንኮበር ተወልዶ ሠዓሊ መሆን የፈለገ ልጅ ከአንኮበር መውጣት ነበረበት። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በዚያች የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የተወለዱት በጥቅምት 1925 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላና ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ ገቡ። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ መንገዱ አጠረ፤ ባሕር መሻገር ቀረ። ቢሆንም ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃንም ወዲያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የመሳፈሪያ፣ የቤት ኪራይና የዓመታት ቀለብ የሌለው፣ ወይም የሚያስጠጋ ዘመድ ያላገኘ ልጅ ተሰጥኦውን ይዞ እዚያው ቀርቷል። ስንቱ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ የያዘ ሰው ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ በገና ወይም ጥልፍ ከተቀመጠበት ሊማር ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን በሌላው ወገን ያለው ነው፤ ባለሙያው ከተቀመጠበት ሆኖ ማስተማር፣ በዚያም መተዳደር ይችላል። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው እጁ ላይ ሙያ ላለውና ይህን ለሚያስብ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። ከካሜራው በፊት መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ፦ ተማሪው ገንዘብ የሚከፍለኝ ለምንድን ነው? የኔ መልስ አጭር ነው፤ ለእርማት። ማሳያ ቪዲዮ በነጻ ሞልቷል። የተማሪውን ሥራ አይቶ «እዚህ ጋ እጅሽ ከብዷል፤ ፍቺና እንዲህ አድርገሽ መልሺው» የሚል ባለሙያ ግን በነጻም በገንዘብም ብርቅ ነው።

ሙያን በሩቅ ማስተማር ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ አገሩን መዞር ሲጀምር፣ ባዝ ከተማ የነበረው አይዛክ ፒትማን ራሱ የፈጠረውን የአጭር ጽሕፈት ዘዴ በፖስታ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ምንባብ በአጭር ጽሕፈት ጽፈው ይልኩለታል፤ እሱ አርሞ ይመልስላቸዋል። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ለመዋዋል አንኮበር ደረሰ። በዚያ ዘመን ሸዋ ውስጥ ሙያ የሚሻገረው ባለሙያው ራሱ በእግሩና በበቅሎው ሲሻገር ነበር፤ ንጉሡም ከውጭ የሚመጣን የእጅ ባለሙያ አጥብቀው የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ፒትማን ያሳየው ባለሙያው ሳይንቀሳቀስ እርማቱ ሊጓዝ እንደሚችል ነው።

ይህን ነገር ትልቅ ንግድ ያደረጉት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ከእነሱ ታሪክ የምንማረው በሁለት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አልበርት ዶርን የተባለ ሠዓሊ እንደ ኖርማን ሮክዌል ካሉ ታዋቂ ሠዓልያን ጋር ሆኖ ኮኔቲከት ውስጥ ዌስትፖርት በምትባል ከተማ «የታዋቂ ሠዓልያን ትምህርት ቤት» የሚል የደብዳቤ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ተማሪው የሣለውን በፖስታ ይልካል። መምህሩ በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት ያነጥፍና የተሳሳተውን መስመር በዚያ ወረቀት ላይ አቃንቶ ይሥላል፤ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር ይመልሰዋል። ተማሪው ወረቀቱን ሲገልጥ የራሱን፣ ሲያለብስ የመምህሩን እጅ ያያል። ከዚህ የተሻለ የሥዕል እርማት አላውቅም። ዛሬ የተማሪን ሥራ ፎቶ በስልክ ተቀብሎ በላዩ ላይ በቀይ መስመር ማቃናት ያንኑ ዘዴ በደቂቃ ውስጥ መሥራት ነው።

ድርጅቱ የጽሑፍ ትምህርት ቤትም ጨመረ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ማስታወቂያው የታወቁ ደራስያንን ፎቶ ይዞ ይወጣል፤ ሻጮች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስፈርማሉ፤ ክፍያው ከባድ ነው። ጄሲካ ሚትፎርድ የተባለች ጋዜጠኛ በሐምሌ 1970 እ.ኤ.አ. በአትላንቲክ መጽሔት ላይ ጉዳዩን ገለጠችው፦ ታዋቂዎቹ ደራስያን የተማሪን ሥራ አያዩም፣ አብዛኛው ተማሪም ትምህርቱን ጀምሮ ይተወዋል። ትርፉ የሚመጣው ከፍለው ከሚያቋርጡት ነበር፤ ያቋረጠ ሰው ሥራ አይልክም፣ ሥራ ያልላከም እርማት አይጠይቅም። ድርጅቱ ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ተማሪው በመተዉ የሚያተርፍ ትምህርት ቤት ሰው እስኪነቃበት ድረስ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ግን ያ ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ዛሬም ይኸው ፈተና በሌላ መልክ አለ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት የከፈቷቸውን ነጻ ትምህርቶች ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳወጡት፣ በ2017 እና 2018 ከተመዘገቡት መካከል የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቁጥሩ ወደ 6 በመቶ ይጠጋ ነበር። ትምህርቶቹ ደካማ አይደሉም፤ አስተማሪዎቹም በዓለም የታወቁ ናቸው። ተማሪው ግን ብቻውን ነው። ዛሬ ባይከፍተው የሚጠይቀው የለም፤ ነገ ቢያበላሽም የሚያየው የለም።

እኛ ዘንድ ይህን ችግር ከብዙ ዘመን በፊት የፈታ ትምህርት ቤት አለ፤ የቅኔ ቤት። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ረጅም ንግግር ሰምቶ ከዓመት በኋላ የሚፈተን አይደለም። ጉባኤ ቃና ከምትባለው ሁለት ቤት ግጥም ይጀምራል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ሙሉ ናት። ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን ያሰናዳል፤ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰዋስዉን፣ ቤቱን፣ ምስጢሩን አይቶ ያቃናለታል። ነገም ሌላ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት። ያ ሲሰምርለት ወደ ሦስት ቤት፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። የአንዱ ሲቃና ሌላው ይሰማል፤ ስለዚህ ሃያ ተማሪ ባለበት ቤት አንዱ ተማሪ ሃያ እርማት ይማራል። የዘለቀው ተማሪ ደግሞ ጀማሪውን ያስነግራል።

በቴሌግራም ቡድን ትምህርት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ይህን ሥርዓት አጥብቆ ይመልከተው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትንሽ ግን የተሟላ ሥራ፤ ሥራውን በቀነ ገደብ ማቅረብ፤ በሁሉም ፊት መታረም፤ ከቀላል ወደ ከባድ በግልጽ ደረጃ መውጣት። የውጭ መጻሕፍት ይህን በብዙ ገጽ ይተነትኑታል። የቅኔ መምህራን ግን ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርተውበታል።

እስቲ ነገሩን በአንድ ሙያ ላይ እናሳርፈው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የብርድ አገር ናት። ዙሪያዋ የመንዝ በግ አገር ነው፤ ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ የዚህ በግ ፀጉር ልጆች ናቸው። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት፣ በእጅ የሚሠራ የሱፍ ምንጣፍም የሚገኝባት ናት። ምንጣፍ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ የስድስት ሳምንት የሱፍ ፈትልና የትንሽ ምንጣፍ ትምህርት ልትከፍት ነው እንበል።

ብዙ ሰው «ፈትል እኮ በእጅ ተዳስሶ የሚታወቅ ነው፤ እንዴት በስልክ ይታረማል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው በእጅ የሚታወቀውን በዐይን እንዲታይ የሚያደርግ የቤት ሥራ በማዘጋጀት ላይ ነው። ተማሪዋ የፈተለችውን ክር ማስመሪያ ላይ ጎን ለጎን፣ ሳታጨናንቅና ሳታሳሳ ትጠምጥመው። በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጥምጥም እንደገባ ትቁጠር። ከሦስት የተለያየ ቦታ ወስዳ ትድገመው። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ውፍረቱ እኩል ነው፤ ከተራራቁ እንዝርቱና እጇ ገና አልተስማሙም። ቀጥሎ አንድ ክንድ ያህል ክር በሁለት እጇ ወጥራ ታላላው። በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ከተቆላለፈ ክሩ ከርሯል። ሲወጠር እየሳሳ ከተበጠሰ ደግሞ ላልቷል። ይህን በአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ትላከው። ነጭ ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ጥቁሩ በነጭ ላይ ይነሣ። መምህሯ ይህን ይዛ፣ ክሩን ሳትነካው፣ «ለድር ይሆናል፤ ለማግ ግን አለስልሺው» ማለት ትችላለች። ድር ውጥረት ስለሚሸከም ጠንከር ያለ ክረት ይፈልጋልና።

እንዲህ ያሉ የቤት ሥራዎች ከየት ይገኛሉ? ከመጽሐፍ አይደለም። ትምህርቱ በገንዘብ ከመከፈቱ በፊት መምህሯ አምስት የማያውቁ ሰዎችን፣ ጎረቤትም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፊት ለፊት ታስተምር። የሚሳሳቱትን ሁሉ በደብተር ትጻፍ። ባለሙያ ለራሱ ቀላል የሆነውን ነገር መናገር ይረሳል፤ ጀማሪ ግን የሚሰናከለው እዚያው ላይ ነው። ያ የስሕተት ደብተር የትምህርቱ ካርታ ነው። እያንዳንዱ ደጋግሞ የመጣ ስሕተት አንድ አጭር ቪዲዮ ይሁን። ቪዲዮው ከመስኮት በሚገባ ብርሃን፣ እጅ ላይ ተጠግቶ፣ ስልኩ በጠረጴዛ ጠርዝ ተደግፎ ቢነሣ ይበቃል። ድምፁ ጥርት ይበል፤ ከደበዘዘ ምስል ይልቅ የሚያሰለቸው የተበላሸ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሃያ ተማሪ፣ ለስድስት ሳምንት በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር ቢከፍል 30,000 ብር ይሰበሰባል። ለእያንዳንዱ የታጠበ ሱፍና እንዝርት ገዝቶ ለመላክ 350 ብር ቢወጣ 7,000 ብር ይሄዳል። ለኢንተርኔትና ለልዩ ልዩ 3,000 ብር እንያዝ። 20,000 ብር ይቀራል። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ሁለት ሥራ ቢልክና አንዱን ማረም 10 ደቂቃ ቢወስድ በሳምንት 400 ደቂቃ፣ በስድስት ሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት የቀጥታ ትምህርት ሲጨመር 52፣ ለዝግጅትና መልእክት ለመመለስ 8 ሰዓት ሲታሰብ 60 ሰዓት። ለአንድ ሰዓት ሥራ 333 ብር ገደማ ማለት ነው። ብሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ይተካ። ደቂቃዎቹን ግን ችላ አይበላቸው። ተማሪውን ሃያ ከማድረግ አርባ ማድረግ በማስታወቂያ በኩል ቀላል ይመስላል፤ እርማቱ ግን 80 ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ መምህሯ ወይ እርማቱን ታሳጥራለች፣ ወይ ታቆማለች፣ ወይ ረዳት ትፈልጋለች።

ሌላው አማራጭ ቪዲዮውን እንደ ዩዴሚ ባሉ ዓለም አቀፍ መድረኮች ላይ መስቀል ነው። ዩዴሚ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተ ሲሆን፣ ገዢውን መድረኩ ራሱ ሲያመጣው ለአስተማሪው የሚደርሰው 37 በመቶ ነው፤ ዋጋውም በየጊዜው በቅናሽ ይሸጣል። በእንግሊዝኛ ለሚያስተምርና ብዙ ሺህ ገዢ ለሚጠብቅ ሊያዋጣ ይችላል። በአማርኛ ለሚጀምር ሰው ግን አልመክረውም። እርማት የሌለው ቪዲዮ ከሌሎች ቪዲዮዎች ጋር የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው። ዋጋው ደግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

የዜሮውን ምክንያት ቴሌግራም የሚጠቀም ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ የተሸጠ ቪዲዮ ነገ በሌላ ቻናል ላይ በነጻ ይለቀቃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአስተማሪው መብት ይሰጠዋል፤ መብቱን ማወቅና በትምህርቱ መግቢያ ላይ በግልጽ መጻፍም ተገቢ ነው። ሆኖም እያንዳንዱን ቻናል በክስ መከተል አቅም ይጨርሳል። ትርፉን በእርማት ላይ የመሠረተ መምህር ግን ቪዲዮው ቢሰረቅ ያዝናል እንጂ አይወድቅም። የተሰረቀውን ያየ ሰው ሥራውን የሚያሳየው ሲያጣ የት እንደሚመጣ ያውቃል። እንዲያውም ከቪዲዮዎቹ ሦስት አራቱን ራሱ በነጻ ቢለቅ ከማስታወቂያ ይሻላል።

ክፍያው አገር ውስጥ ላለ ተማሪ ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተጨመረ በኋላ፣ አንኮበር ያለ ሰው ሐዋሳ ካለ ተማሪ ክፍያ ለመቀበል ባንክ መሰለፍ የለበትም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ተማሪ የሚልከውን ስክሪንሾት አይቶ ማመን ይቅር። ገንዘቡ መግባቱ በራስ ስልክ ላይ ይረጋገጥ፣ የግብይት ቁጥሩም ይመዝገብ፤ ለግብር ሒሳብም ይኸው መዝገብ ያገለግላል። የውጭው ይከብዳል። የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅቱ ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም፤ በፔይፓል ገንዘብ መቀበልም አይቻልም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ቢፈልግ፣ በሐዋላ ድርጅት ወደ መምህሯ የባንክ ሒሳብ መላኩ ዛሬ ያለው ቀጥተኛ መንገድ ነው። የውጭ ተማሪ ሲኖር የሱፉም ጉዞ ይታሰብበት። የበግ ፀጉር ድንበር ላይ የእንስሳት ጤና ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ተማሪው ካለበት አገር ሱፍ ገዝቶ እንዲጀምር ማድረጉ ይቀላል።

ስለ ሰሜን ሸዋ እየጻፍኩ አንድ ነገር ማለፍ አልችልም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በኢንተርኔት ለሚተዳደር ሰው ይህ ሱቁ ሳይጠየቅ እንደታሸገበት ነው፤ ምንም የንግድ ብልሃት ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። የስድስቱ ሳምንት የቤት ሥራ በሙሉ ከሱፉ ጋር በወረቀት ታትሞ በመጀመሪያው ቀን ተማሪው እጅ ይግባ፤ ቪዲዮዎቹም አስቀድመው ይውረዱ። መስመር ሲጠፋ ተማሪው ሥራውን ይቀጥላል፣ ናሙናውን በቀን ለይቶ ያስቀምጣል። ጥምጥሙን ቆጥሮ ቁጥሩን በአጭር መልእክት መላክ ወይም በስልክ መናገር ይችላል፤ ማስመሪያው እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥቅም ይሰጣል። መስመሩ ከአንድ ወር በላይ ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ ማለትም ትምህርቱ እንደሚራዘም ወይም ያልታረመው ሥራ ገንዘብ እንደሚመለስ፣ ሲመዘገቡ በጽሑፍ ይነገራቸው።

ቀደም ሲል ያነሣሁትን ረዳት በተመለከተ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ ቻርልስ ሹልዝ ነው። ፒነትስ የተባለውን የካርቱን ተከታታይ የፈጠረው ይህ ሰው ሥዕል የተማረው ሚኒያፖሊስ ከነበረ የደብዳቤ ትምህርት ቤት ነው። በልጆች አሣሣል ትምህርት ያገኘው ውጤት ሲ ፕላስ ነበር፤ ኋላ በዓለም የታወቀው ልጆችን በመሣል መሆኑን ልብ ይሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ያው ትምህርት ቤት አራሚ አድርጎ ቀጠረው፤ የሌሎችን ሥራ እያረመ የራሱን እጅ አጠነከረ።

መምህሯም አራሚዎቿን ከውጭ አትፈልግ። ከመጀመሪያው ሃያ ተማሪ መካከል ሥራቸው የጠራ ብቻ ሳይሆን በቡድኑ ውስጥ ለሌሎች በትዕግሥት የሚያስረዱ ሁለት ሰዎች ይገኛሉ። በሁለተኛው ዙር የጀማሪዎቹን የመጀመሪያ ሳምንታት ሥራ እነሱ ያርሙ። ሃያ ተማሪ በስድስት ሳምንት 240 ሥራ ይልካል። ግማሹን ረዳቶቹ አርመው ለአንዱ 40 ብር ቢከፈላቸው 4,800 ብር ነው፤ ለመምህሯም እስከ 20 ሰዓት ይተርፋታል። ይህ ክፍያ ከትርፍ ላይ ሳይሆን ገና ዋጋው ሲተመን ይታሰብ። ረዳቶቹ ካረሙት ከአምስት አንዱን መምህሯ ራሷ ደግማ ትየው። በማስታወቂያው ላይም ማን እንደሚያርም በስም ይጻፍ፤ ተማሪው ሥራውን ማን እንደሚያይለት አውቆ ይክፈል።